ሰው ሞቶባታል?

ከራጉኤል ጀርባ እስከ አብነት ድረስ ባህረዲን ብላችሁ ብትጠይቁ የሚያውቀው ሰው አታገኙም። ጆሮ ብላችሁ ጠይቁ፤ ጋሪ ገፊው ሳይቀር ጋሪውን አቁሞ በአገጩ ያሳያችኋል። ጆሮ ያሉት ጆሮው ትልቅ ስለሆነ አይደለም። እንዲያውም ትንሽ ናት፤ መነጽሩን እንኳ በወጉ አትይዝለትም። ጆሮ ያሉት መኪና አንኳኩቶ ስለሚሰማ ነው። ያገለገለ መኪና ሊገዛ የተነሳ ሰው፣ ሻጩ ምሎ ተገዝቶ «ቀለሟ እንኳ አልተነካም» ካለው በኋላ፣ ባህረዲንን ፈልጎ ይወስደዋል። ባህረዲን መኪናዋን አንዴ ይዞራታል፤ ጎንበስ ብሎ ብርሃኑ በጎኗ ላይ እንዴት እንደሚሄድ ያያል፤ ከዚያ በጣቱ አንጓ ኳ ያደርጋታል። ቆርቆሮው ጤነኛ ከሆነ ጥርት ብሎ ይጮሃል። ጉዳቱ በስቱኮ ተለስኖ ቀለም የተቀባበት ከሆነ ግን ጉንፋን እንደያዘው ሰው ድምፁ ይደፈናል። «ይቺ ተገልብጣ ታውቃለች» ይላል። በቃ፣ የሻጩን መሐላ ውሃ በላው ማለት ነው።

አንድ ልማድ አለው። ኳ ካደረገ በኋላ ትንሽ ይቆያል፤ ጣቱን አንስቶ፣ አንገቱን ዘንበል አድርጎ፣ ዝም። ደላሎቹ ይህን ዝምታ የሙያው ምሥጢር ያደርጉታል፤ «አሁን ከብረቱ ጋር እያወራ ነው» እያሉ ገዢውን ያስፈራሩታል። ገዢውም አብሮ ትንፋሹን ይይዛል። የሙያ ምሥጢር ግን አይደለም። ሰውየው መልስ እየጠበቀ ነው። ከሃያ ዓመት በላይ ሲጠብቅ ኖሯል፤ መልሱ መጥቶ አያውቅም፤ መጠበቁንም አልተወም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባትላሜራ ሥራ፣ ማለትም የተጨማደደ የመኪና አካል እየቀጠቀጡ ማቃናት፣ የሁለት ሰው ሥራ ነው። አንዱ ከውስጥ ተጋድሞ ከባድ ብረት ደግፎ ይይዛል፤ ሌላው ከውጭ በመዶሻ ይመታል። የውስጡ የውጩን አያየውም፣ የውጩም የውስጡን አያየውም፤ መሃላቸው ቆርቆሮ ነው። በመርካቶ ጫጫታ ደግሞ በአፍ ልነጋገር ማለት ጉሮሮን መጨረስ ነው። ስለዚህ ባህረዲንና ታላቅ ወንድሙ ሙናዊር በማንኳኳት ይነጋገሩ ነበር። የውስጡ አንድ ጊዜ ካንኳኳ «ይዣለሁ፣ ምታ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ ካንኳኳ «ቆይ፣ ቦታ ልቀይር» ማለት ነው። ሥራው ሲያልቅ ደግሞ የውጩ ሦስት ጊዜ ያንኳኳል፤ «በቃ፣ ውጣ» ማለት ነው። ሌላ ጋራዥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም፤ የሁለቱ ብቻ ነበር።

ውስጥ የሚገባው ሁልጊዜ ባህረዲን ነው፤ ቀጭን ነበር። ሙናዊር ከውጭ ነው። ግራኝ ነበር፣ ክንዱ ሞላ ያለ፣ ነገርን ሁሉ በሳቅ የሚጀምር፣ መንዳት ነፍሱ። ታናሹን «አንተ ጆሮ» ይለው ነበር። ስሙ ከዚያ ነው የቀረው፤ ያወጣለት ሰው ግን አልቀረም።

አንድ ጊዜ አንድ አስመጪ ቀይ አልፋ ሮሜዮ አመጣላቸው። የድሮ የጣሊያን ስፖርት መኪና ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፣ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ይታጠፋል፣ አፍንጫዋ ዝቅ ብሎ ነገር የምታሸት ትመስላለች። ወለሏ በዝገት ተበልቶ አስፋልቱ ይታይ ነበር። ወንድማማቾቹ ከዘይት በርሜል ቆርቆሮ ቆርጠው ወለሉን ሞሉት፤ ብየዳውን ባህረዲን በየደው። ሥራው ባለቀ ዕለት ባህረዲን የአስር ሰላት ሊሰግድ ሄደ። ሲመለስ ወንድሙም መኪናዋም የሉም። «ልሞክራት ብሎ ወጣ» አሉት ጎረቤቶቹ፤ እሱም ሻይ አዝዞ ተቀመጠ። መሸ። ነጋ። ሳምንት ሆነ። ሙናዊር የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ።

ሆስፒታል ፈለጉ፣ ፖሊስ ጣቢያ ፈለጉ፣ ሬሳ ቤት ሳይቀር ገብተው አዩ። ከዚያ ወሬው ክንፍ አወጣ፤ የሰው መኪና ይዞ ጠፋ ተባለ። ደንበኞች አንድ በአንድ እየመጡ መኪናቸውን ሲወስዱ፣ ማንም በግልጽ ምንም አይልም፤ «ትንሽ ነገር ስላለች ነው» ይላሉ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። እናታቸው ገበያ መውጣት ተወች። አስመጪው በየቀኑ እየመጣ በር ላይ ይጮሃል። እና ባህረዲን ለማንም ያልነገረው ነገር ይህ ነው፤ እሱም አመነ። ወንድሜ ሌባ ነው ብሎ አመነ። አብሮት ከአንድ ትሪ የበላ ወንድሙን፣ መንዳት ስለሚወድ ብቻ፣ በልቡ ፈረደበት። ንዴቱ እንቅልፍ ነሳው።

ከዚያ አንድ ቀን አንድ ነገር ታየው። የሞተን ሰው ማን ሌባ ይለዋል? ተነስቶ ሽማግሌዎቹ ዘንድ ሄደና፣ አንድ የአይሱዙ ሾፌር አግኝቻለሁ፣ ቀይ ትንሽ መኪና በደሴ መንገድ ጣርማ በር ላይ ገደል ስትገባ አይቷል፣ አለ። እንዲህ ያለ ሾፌር አልነበረም። ጣርማ በርን የመረጠው ገደሉ ጥልቅ ስለሆነ፣ ማንም ወርዶ አያይም ብሎ ነው። ሽማግሌዎቹ ጥቂት አመነቱ፤ እሱ ማለ። በድኑ ላልተገኘ ሟች የሚሰገደው ሰላት ተሰገደ። ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተከለ። ባህረዲን ሸሚዙን እስኪቀድ አለቀሰ፤ እንዲህ ማልቀስ ነውር ነው ብለው እስኪቆጡት ድረስ። እንባው ግን ለሰው ዓይን ነበር። ከእጁ መሃል አጮልቆ አስመጪውን ያይ ነበር። አስመጪው ቴምር አንስቶ በላና «ይቅር ብያለሁ፣ አላህ ይማረው» አለ። እናቲቱ እርሟን አወጣች፤ በሳምንቱ አንገቷን ቀና አድርጋ ገበያ ወጣች። ቤተሰቡ ከሐሜት ዳነ። ባህረዲን ግን ከዚያ ወዲህ ቆርቆሮ ባንኳኳ ቁጥር ጣቱ ትነሳና ትጠብቃለች።

ባለፈው ታኅሣሥ ነው። ደላላው ማሙሸት አንድ ጎልማሳ ይዞ ወደ ጋራዡ መጣ፤ ኢምራን የሚባል የጨርቅ ነጋዴ፣ ሁለት ስልክ የሚይዝ፣ ሁለቱም የማያርፉለት። ለሰርግ የሚያከራያት አሮጌ ስፖርት መኪና ፈልጎ ነበር። ሙሽሮች አሁን አሮጌ መኪና ነው የሚወዱት፤ ፎቶው ላይ ያምራል።

«ጋሼ ጆሮ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር» አለ ኢምራን። «ሰው የሞተባት እንዳትሆን። ሌላው ሌላው ይሠራል።»

ይህን ሁሉም ገዢ ይጠይቃል። ሞተሩን ረስቶ፣ ፍሬኑን ረስቶ፣ ሰው ሞቶባታል ወይ ይላል። ሰው የሞተባት መኪና ለሰርግ ቀርቶ ለሽንኩርት መጫኛም አትፈለግም።

«ሻጯ ደግሞ ጉደኛ ናት» አለ ማሙሸት። «ከኮምቦልቻ በአይሱዙ ጭና ነው ያመጣቻት። ጆሮ የሚባል ባትላሜራ ሳይሰማት ለማንም አልሸጥም ትላለች። ገዢ ፈታሽ ሲያመጣ እንጂ፣ ሻጭ ፈታሽ ስትመርጥ አይቼ አላውቅም። ስምዎ ወሎም ደርሷል ማለት ነው!»

ባህረዲን ፈገግ አለ። ማን አባቱ ኮምቦልቻ ያውቀኛል ብሎ አሰበና ካርቶኑን ከክንዱ ስር ከትቶ ተከተላቸው። መኪና ስር ሲገባ የሚነጥፈው ካርቶን ነው።

መኪናዋ ያለችው ጎጃም በረንዳ፣ በፊት የእህል መጋዘን በነበረ ቤት ውስጥ ነው። ግድግዳው እስካሁን ጤፍ ጤፍ ይሸታል። ሸራ የለበሰች ነገር መሃል ላይ ቆማለች፤ አጠገቧ ጥቁር አባያ የለበሰች፣ ስኒከር ያደረገች ሃያ ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ አለች። ሰላምታ ሰጥታ፣ ባህረዲንን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ጆሮ እርስዎ ነዎት?» አለች። «አዎ» ሲላት ሸራውን ገፈፈች።

አረንጓዴ ናት። ጥቁር አረንጓዴ፣ ጥንቅቅ ያለ ቀለም። ግን ቀለም ማንን ያታልላል? አፍንጫዋ ዝቅ ብሎ ነገር የምታሸት ትመስላለች። ባህረዲን መስታወቷን ተደግፎ ቆመ። ማሙሸት «አምራዋለች፣ አላልኩም?» እያለ ይስቃል።

እንዲህ ያለች መኪና ከተማው ውስጥ አንድ ብቻ አይደለችም ብሎ ራሱን አጽናና። ሥራውን ጀመረ። ኮፋኖዋን ከፍቶ ዘይቷን በጣቱ መሃል አሽቶ አየ። አስነሷት፤ ሁለቴ ሳለችና ተነሳች፣ ጭሷ ንጹህ ነው። ፍሪሲዮኗን ረገጠ፣ ማርሿን አስገባ፣ የበሮቿን ክፍተት በጥፍሩ ለካ። ኢምራን በየእርምጃው «እንዴት ናት? እንዴት ናት?» ይላል፤ ባህረዲን አይሰማውም። ቀጥሎ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል፣ እጁ ግን እምቢ አለው። በመጨረሻ በሩን ከፍቶ ተንበረከከና የወለሉን ምንጣፍ ገለጠ።

የበርሜል ቆርቆሮው አለ። ዳሩን ዞሮ የሄደው ብየዳ የራሱ ነው። ሰው የገዛ ፊርማውን እንደሚያውቅ አወቀው፤ መጨረሻው ላይ የምትንጠለጠለዋ ጠብታ ሳትቀር። ምንጣፉን መልሶ አለበሰና በዚያው ተንበርክኮ ቀረ።

አሁን ነገሩ ግልጽ ነው፤ ግልጽነቱ ነው የሚያስፈራው። ይቺ መኪና ተጋጭታ የማታውቅ ከሆነች፣ ወንድሙ በደህና ነድቷት ሄዶ ሸጧታል፤ ሌባ ነበር። ክፉኛ ተጋጭታ ከሆነ ደግሞ ወንድሙ ሞቷል፣ ሌባም አልነበረም፤ ባህረዲን ዋሽቶ የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር። ለገዢው ንጹህ ብትሆን ይሻላል። ባህረዲን ግን መኪናዋን እየዞረ በልቡ «ተመትተሽ ተገኚልኝ፣ በአላህ ተመትተሽ ተገኚልኝ» ይላል። የወንድሙን ሞት እየለመነ መሆኑ ገባው። መለመኑን ግን አላቆመም።

የኋላዋን አንኳኳ፤ ጥርት ያለ ነው። በሮቿ ጥርት ያሉ ናቸው። ግራ ፓራፋንጎዋን፣ የፊት ጎማ የሚሸፍነውን ማለት ነው፣ አንኳኳ፤ ጥርት ያለ ነው። ቀኝ ፓራፋንጎው ላይ ሲደርስ ድምፁ ተለወጠ። የስቱኮ ድፍን ድምፅ አይደለም፤ ጤነኛም አይደለም። ጠንከር ያለ፣ አጠር ያለ ድምፅ። ክፉኛ ተጨማድዶ፣ ያለ አንዲት ጭልፋ ስቱኮ ተቀጥቅጦ የተቃና ቆርቆሮ ብቻ ነው እንዲህ የሚጮኸው።

«ተመትታለች» አለ።

«እንዴት?» አለ ኢምራን።

«በቀኝ በኩል። ከባድ አመታት ነው።» አልሀምዱሊላህ የሚል ቃል ምላሱ ላይ መጣ፤ ነክሶ ያዘው። ወንድሙ ሞቷል። ንጹህ ሰው ሆኖ ሞቷል። ይህን ሁሉ ዓመት በልቡ ሌባ ሲለው የኖረው ወንድሙ።

«ታዲያ ሰው ሞቶባታላ!» ኢምራን ፊቱ ተቀያየረ።

«ቆይ፣ ከስር ልየው።»

በዚህ መሃል ከአንዋር መስጊድ የዙህር አዛን ተሰማ። ኢምራን «ሰግጄ እመጣለሁ፣ ቁርጡን ንገሩኝ» ብሎ ወጣ። ማሙሸት ሻይ ፍለጋ ተከተለው። ባህረዲን ካርቶኑን አንጥፎ በጀርባው ተጋደመና ራሱን ፓራፋንጎው ስር ከተተ። የመርካቶ ጫጫታ ርቆ ሄደ። ለዓመታት እንዲህ ሆኖ ነው የኖረው፤ ጨለማ፣ ብረት፣ የራሱ ትንፋሽ። እጁን ዘርግቶ የቆርቆሮውን ጀርባ ዳሰሰ።

የመዶሻ ምት ዱካ አለው። ከውጭ በቀለም ይሸፈናል፤ ከውስጥ ግን ማንም አያስተካክለውም፣ በጣት ይነበባል። የቀኝ እጅ ሰው ምት ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፤ የግራኝ ወደ ሌላው። እነዚህ ምቶች የግራኝ ናቸው። ደርበብ ደርበብ እያሉ፣ ሳይቸኩሉ፣ አንዱ በአንዱ ጫፍ ላይ እያረፈ። ባህረዲን ይህን እጅ በልጅነቱ ከውስጥ ሆኖ ሲቀበለው አድጓል። አንድ ጊዜ ዳሰሰው፤ ደግሞ ዳሰሰው። ሙናዊር ነው። መኪናዋ ተመትታለች፣ ከተመታች በኋላ ያቃናት ሙናዊር ነው። የሞተ ሰው ፓራፋንጎ አያቃናም።

ሳያስበው ጣቱ ተነስታ አንድ ጊዜ አንኳኳች።

ከውጭ አንድ ምት መለሰ።

ባህረዲን አልጮኸም፤ የጠበቀው ነገር ሲመጣ ሰው እንዴት ይጮሃል? ሁለት ጊዜ አንኳኳ። ቆይ፣ ቦታ ልቀይር። ከውጭ ያለው ዝም ብሎ ጠበቀው። እንደገና አንድ ጊዜ አንኳኳ። አንድ ምት መለሰ።

«ማን ነህ?» አለ በሹክሹክታ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለች ልጅቷ። «ምታ ሲሉኝ መታሁ። አጠፋሁ እንዴ?»

«ምታ እንዳልኩሽ በምን አወቅሽ?»

«አባቴ ነው ያስተማረኝ። እሱ ከስር ሲገባ እኔ ከላይ እመታለት ነበር። አንድ ሲሆን ምታ፣ ሁለት ሲሆን ቆይ፣ ሦስት ሲሆን ደግሞ…»

«ሦስቱን ተይው» አለ ባህረዲን ቶሎ ብሎ። «አባትሽ የት ነው ያለው?»

«ባለፈው ረመዳን አረፈ፤ ጉበቱን ነበር የሚያመው። ሳይሞት ነው እንደዚህ ያለኝ። መርካቶ ውሰጃትና ጆሮ የሚባል ሰው ያንኳኳት፣ እሱ የሚልሽን ስሚ አለኝ። ለምን ስለው ዝም አለ።»

ስለዚህ ሙናዊር ሞቷል፤ ከጥቂት ወራት በፊት። ለሃያ ዓመት ሙት ሲባል ኖሮ፣ ማንም ከእናቱ ቤት ሳያለቅስለት በእውነት ሞቷል። ባህረዲን መውጣት ነበረበት፤ ወጥቶ ልጅቷን ማየት፣ ማቀፍ ነበረበት። አልቻለም። ፊት ለፊት ቢሆን የሚጠይቀውን አይጠይቅም ነበር፤ ቆርቆሮ መሃላቸው ሲሆን ግን ማውራት ለምዷል።

«መኪናዋን ማን መታት?»

«እሱ ራሱ ነው። ልሞክራት ብሎ ከዚህ ወጥቶ፣ ነፋሱ ደስ ሲለው ሄደ፣ ሄደ፣ ልመለስ ልመለስ ሲል ጣርማ በር ደረሰ። ጭጋግ ነበር አለ። ከገደሉ ድና ከድንጋይ ጋር ተጋጨች።»

ባህረዲን ዓይኑን ጨፈነ። ጣርማ በር። ከአፉ እንዳመጣለት የተናገረው ቦታ ነው።

«አንድ ገበሬ ቤት ብዙ ቀን ራሱን ሳያውቅ ተኛ» አለች ልጅቷ። «ነፍስ ሲዘራ ፊቱ በሙሉ በፋሻ እንደተጠቀለለ፣ እያነከሰ ወደ አዲስ አበባ መጣ። ለቤተሰቡ ሊነግር፣ ለባለመኪናውም ሠርቼ እመልሳለሁ ሊል። ሰፈሩ ሲደርስ ድንኳን ተተክሏል። ማን ሞቶ ነው ብሎ አንዱን ጠየቀ። የራሱን ስም ነገረው።» ትንሽ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ሩቅ አልሄደም። «እኛ ልጆቹ፣ የራሱን ለቅሶ የደረሰ ሰው እያልን እንቀልድበት ነበር። እሱም አብሮን ይስቃል። አንድ ነገር ብቻ ሲነሳበት አይስቅም።»

«ምን?»

«የወንድሙን ነገር። ጥግ ቆሜ ወንድሜ ሸሚዙን ቀዶ ሲያለቅስ አየሁት ይላል። ሽማግሌ ሲቆጣው አይሰማም። ባለመኪናው ደግሞ ይቅር አልኩ ሲል ሰማ። ገብቼ አለሁ ብል ይቅርታው ይቀራል፣ ወንድሜም በሰው ፊት መሳቂያ ይሆናል፤ እንዲህ የወደደኝን ሰው እንዴት አድርጌ አዋርደዋለሁ ብሎ ተመለሰ። አንድ ቀን መኪናዋን ይዤ እመጣለሁ ይል ነበር። ይኼው ሳይመጣ…»

ባህረዲን መዳፉን አፉ ላይ ጫነ። ከእጁ መሃል አጮልቆ ያየው የነበረው አስመጪ ትዝ አለው፤ ቴምሩ፣ ድንኳኑ፣ የተቀደደው ሸሚዝ። ሸሚዙ አሮጌ ነበር፤ ሊጥለው ያሰበውን ነበር ለብሶ የወጣው። ድንኳኑ ጥግ ላይ ፊቱን በፋሻ የጠቀለለ ሰው ቆሞ ይህን አይቶ፣ ፍቅር ነው ብሎ፣ በዚያ ፍቅር ላይ ሃያ ዓመት ኖረበት።

«ስምሽ ማን ነው ልጄ?» አለ በመጨረሻ።

«ሂዳያ።»

«ከነአባትሽ።»

«ሂዳያ ባህረዲን።» ከዚያ ጨመረች፤ «የአባቴ ስም ግን የራሱ አልነበረም። የራሱን ቀብረውበት የለ? የወንድሙን ነው የወሰደው። ሰው ሲጠራኝ ወንድሜን ስለሚያስታውሰኝ ደስ ይለኛል ይል ነበር።»

የመጋዘኑ በር ተንቋቋ። ኢምራን ሰግዶ፣ ማሙሸትን አስከትሎ ገባ። «እህስ ጋሼ ጆሮ?» አለ፤ ጎንበስ ብሎ ካርቶኑ ላይ የተዘረጋውን እግር አየ። «ቁርጡን ይንገሩኝ። ሰው ሞቶባታል?»

ባህረዲን ከስር ሆኖ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አልሞተባትም» አለ። «ከእሷ በሕይወት ወጥቷል። እኔ ነኝ በቁሙ የቀበርኩት።»

«ምን አሉ?»

«ኢምራን፣ አንተ ሌላ መኪና ፈልግ። ማሙሸት፣ ይዘኸው ሂድ።»

ማሙሸት ደላላ ነው፤ ድምፅ ማንበብ ያውቃል። አንድ ቃል ሳይጨምር የኢምራንን ክርን ይዞ አወጣው። በሩ ሲዘጋ መጋዘኑ ጸጥ አለ።

«ሂዳያ» አለ ባህረዲን። «ባህረዲን የኔ ስም ነው።»

«ጆሮ ያለኝ አባትሽ ነው። ሙናዊር ነበር ስሙ።» ቀጠለ፤ አሁን ካልተናገረው መቼም አይናገረውም። «ያን ቀን ያለቀስኩት ለሰው ዓይን ነው። ሌባ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ሞቷል ብዬ የማልኩትም እኔ ነኝ፤ ጣርማ በር ብዬ የፈጠርኩትም እኔ ነኝ። አንዲት የእውነት እንባ አልነበረችም ልጄ። አባትሽ ለውሸት ነው የኖረው።»

ይህን ብሎ ያን ጊዜ አለቀሰ። ድንኳን የለ፣ ሽማግሌ የለ፣ የሚያየው አንድ ሰው የለ። እንባው በጆሮው እየፈሰሰ ካርቶኑ ላይ ይወርዳል። ኃፍረቱ ከሐዘኑ በልጦ፣ ሐዘኑ ከኃፍረቱ በልጦ፣ እንደ ሕፃን ሳግ ተናነቀው። ልጅቷ መኪናዋን ትታ ስትሄድ፣ ስኒከሯ የመጋዘኑን ወለል ሲረግጥ ሰማ። በር ድረስ ሄደች። እዚያ ብዙ ቆመች። ትሂድ አለ በልቡ፤ እውነት አላት፣ ትሂድ።

ስኒከሩ ተመልሶ መጣ። ፓራፋንጎው አጠገብ ቆመ።

ከውጭ፣ ቆርቆሮው ላይ፣ ሦስት ጊዜ ተንኳኳ።

ባህረዲን ፊቱን በእጅጌው ጠረገና እየዳኸ ወጣ።